ግቢዬ ውስጥ ፈረስ ማሰር እችላለሁ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ቦታዬ 250 ካሬ ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ሆኖ ከጀርባው 60 ካሬ የሚሆን ባዶ ጓሮ ተርፎኛል። የአዊ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስከ ዛሬ ፈረሰኛ ነው። ለ9 ዓመት ልጄ አንድ ፈረስ ከአገር ቤት አስመጥቼ ጓሮው ላይ ጋጣ ልሠራለት አስቤያለሁ። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ‹አይፈቀድም፣ እከስሃለሁ› አለኝ። ግቢው ግን የራሴ ነው፣ ካርታ አለኝ። መንግሥትም በሌማት ትሩፋት እንስሳ አርቡ እያለ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ እዚያም ከተማ ውስጥ ሰው ግቢው ፈረስ ያኖራል ብሎኛል። ሕጉ ምን ይላል? ቦታውስ ይበቃል?»

መልስ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ቦታው አይበቃም። ስለ ሕጉ ደግሞ እርስዎም ጎረቤትዎም የያዛችሁት ግማሹን ነው። እሳቸው ፈረስ ከነጭራሹ ከተማ ውስጥ ክልክል የሆነ ይመስላቸዋል። እርስዎ ደግሞ ካርታ ያለው ሰው በአጥሩ ውስጥ ማንም የማይናገረው ይመስልዎታል። ሁለቱም ልክ አይደለም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በጎረቤትና በእንስሳ ባለቤት መካከል ጠብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ እኛ እንጠራለን። ስለዚህ እነዚህን ሕጎች ከሥራው ጋር አብሬ ተምሬያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ካርታዎን ያውጡና ይዩት። «የቦታው አገልግሎት» የሚል መስመር አለ። የእርስዎ «መኖሪያ» እንደሚል አልጠራጠርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእርስዎ ንብረት ቤቱ ነው፤ በመሬቱ ላይ ያለዎት የመጠቀም መብት ነው። ያ መብት ደግሞ ዓላማ ተጽፎበታል። የሊዝ አዋጁ ቦታው ለተፈቀደለት አገልግሎት እንዲውል ያስገድዳል። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000ም ቢሆን የትኛው ሰፈር ለምን እንደሚውል በፕላን ይወሰናል ይላል። ውሻ ቢያኖሩ፣ አራት አምስት ዶሮ ቢኖርዎት ማንም «አገልግሎት ቀየርክ» አይልዎትም። ጋጣ፣ የድርቆሽ መጋዘንና የፋንድያ ጉድጓድ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ጓሮው መኖሪያነቱ ይቀራል። በረት ይሆናል። «ፈረስ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «የእኔ ቦታ ለምን ተሰጠ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ሁለተኛው ጋጣው ራሱ ነው። «አራት እንጨት ተክዬ ቆርቆሮ ብጥልበት ምን ችግር አለው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ችግር አለው። የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀመር ይከለክላል። የቤትዎ ፈቃድ ለቤቱ ነው የተሰጠው፤ ጋጣ አይጨምርም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ፈረሱን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው የሚያየው። ጋጣው ሲፈርስ ደግሞ ፈረሱ በአንድ ቀን መጠለያ ያጣል። ሰፈራችሁ በሪል እስቴት ወይም በማኅበር የተሠራ ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡንም ያንብቡ። ስለ እንስሳ የሚናገር አንቀጽ ካለው እሱም ያስርዎታል።

ሦስተኛው የጎረቤትዎ መብት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እርስዎን ችሎት ፊት ሊያቆምዎት የሚችለው ይህ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት እንደማይችል ይናገራል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም ይላል። ፈረስ ከእነዚህ ሁለቱን ይዞ ይመጣል፣ ሽታና ድምፅ። ጎረቤትዎ «ፈረስ ክልክል ነው» ብለው ከከሰሱ ይሸነፉ ይሆናል። «መኝታ ቤቴ ውስጥ የፋንድያ ሽታ አላስተኛኝ አለ» ብለው ቢከሱ ግን ምስክር ለማምጣት አይቸገሩም። አፍንጫ ያለው ሁሉ ይመሰክራል።

ያው አንቀጽ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ የተለመደ ችግር ከሆነ ጎረቤት መቻል አለበት ይላል። እንጅባራ ዳር ላይ አባትዎ ፈረስ ቢያስሩ ማንም አይከሳቸውም። ሰፈሩ የፈረስ ሰፈር ነው፤ ሽታውም ኮቴውም የኑሮው አካል ነው። በደብረ ብርሃን ዳርቻም፣ በሱሉልታም እንደዚያው። አያት ላይ ያለ የቪላ ሰፈር ግን ልማዱ ሌላ ነው። ሰዉ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የታሰረ በግ ሦስት አራት ቀን ሲጮህ ይታገሣል። ይህ ልማዳችን ነው፤ እሱም ጭምር ያስራል። ፈረስ ግን የሦስት ቀን እንግዳ አይደለም። በደንብ ከተያዘ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ዛሬ 9 ዓመት የሆናት ልጅዎ 30 ዓመት ሲያልፋትም ያ ፈረስ ጓሮው ላይ ሊኖር ይችላል። ጎረቤትዎን እንዲታገሡ የሚጠይቋቸው ይህን ያህል ጊዜ ነው።

የሌማት ትሩፋትን ጉዳይ በአጭሩ ልዝጋው። መርሐ ግብሩ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ለማዕድ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማር፣ ዓሣ። ፈረስ ከእነዚህ አንዱንም አያመጣም። በመርሐ ግብሩ ስም የተሰጠ የላም ወይም የዶሮ ፈቃድ ካለ ለላሟና ለዶሮዋ ነው እንጂ ለፈረስ አይዘረጋም።

የወንድምዎ ወሬ እውነት ነው። ግን ጎደሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከተማ ሁሉ ፈረስ አይፈቅድም። የሚፈቅዱት በሰፈር ለይተው፣ በካሬ ለክተው ነው። ለምሳሌ የሎስ አንጀለስ ከተማ ደንብ ፈረስ የሚፈቀድባቸውን የመኖሪያ ዞኖች ለይቶ ያስቀምጣል። ቦታው ቢያንስ 17,500 ስኩዌር ጫማ እንዲሆን ይጠይቃል። በእኛ ልኬት ወደ 1,600 ካሬ ሜትር ነው። ጋጣው ከጎረቤት መኖሪያ ክፍል 75 ጫማ ይርቃል፤ ወደ 23 ሜትር ማለት ነው። አሁን ይህን መለኪያ ይዘው ጓሮዎ ላይ ይቁሙ። ከጎረቤትዎ ግድግዳ 23 ሜትር ቢርቁ የሚደርሱት የእርስዎ ሳሎን ውስጥ፣ ምናልባትም መንገዱ ላይ ነው። ይህ ደንብ እኛን አያስገድደንም። ግን ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሽታና ዝንብ ምን ያህል እንደሚሄዱ የሚያውቁ ሰዎች ያወጡት ነው።

ሌላም ያላነሱት ነገር አለ። ፈረሱ ጉዳት ቢያደርስ ማን ይከፍላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 ጥርት ያለ ነው። የእንስሳው ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «በሩን ዘበኛው ረስቶት ነው» የሚል መልስ አያድንም። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ቢቀር፣ አይሱዙ ክላክስ ቢያደርግ፣ ፈረሱ ደንግጦ ወደ ዋናው አስፋልት ቢወጣ ያስቡት። የሰፈር ልጅ በአጥር ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ ቢነከስም ሒሳቡ የእርስዎ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ይበቃል። አሁን ስለ ፈረሱ ልንገርዎት። እኔ ብሆን ውሳኔዬን የምወስነው በዚህ ነው።

የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን ነው። ያም ሆኖ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ወደ 6 ኪሎ ነው። በወር 180 ኪሎ ማለት ነው። አንዱ እስር ድርቆሽ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ቢመዝን በወር ከ12 እስከ 15 እስር ያስፈልግዎታል። የት ያስቀምጡታል? ክረምት እርጥበት ከነካው ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ ለፈረስ ሳንባና አንጀት መርዝ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ የተከመረ ድርቆሽ አንድ የከሰል ፍንጣሪ ይበቃዋል። ውኃ በቀን ከ25 እስከ 30 ሊትር ይጠጣል። በሳምንት አንድ በርሜል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

የሚበላው ይወጣል። በቀን 15 ኪሎ ያህል ፋንድያ፣ ከዚያ ላይ ሽንቱና ያደፈው ጉዝጓዝ። ፋንድያው ብቻ በዓመት ከ5 ቶን ይበልጣል። የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች የቤት ቆሻሻ እንጂ ይህን አይወስዱልዎትም። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ከጨመሩት ይደፍነዋል። ቦይ ውስጥ ከለቀቁት ይቀጣሉ። ጓሮ ላይ ከከመሩት ዝንብ ይፈለፍላል። የዝንብ ዕንቁላል በሙቀት ጊዜ ከአንድ ሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ የሚበር ዝንብ ይሆናል። ስለዚህ ክምሩ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ከግቢ መውጣት አለበት። በየሳምንቱ፣ በዓል ይሁን ዝናብ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሁሉም ሰው ይህን በደንብ ያደርገዋል። በስድስተኛው ወር ስንቱ እንደሚያደርገው ግን ብዙ ግቢ ገብቼ አይቻለሁ።

ሽንቱ የበለጠ ያሳስበኛል። አፈር ላይ የሰረገ ሽንት አሞኒያ ይሆናል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። በዝግ ጋጣ ውስጥ መጀመሪያ የሚታመመው የፈረሱ ሳንባ ነው። እርስዎ ሽታውን ቆመው ነው የሚያሸቱት፤ ፈረሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ከመሬት ሲበላ፣ ሲተኛም እዚያው ላይ ይተነፍሰዋል።

አሁን ቦታው። ለአንድ አገርኛ ፈረስ ጋጣው ቢያንስ 3 በ3 ሜትር ይሁን፤ 3 ተኩል በ3 ተኩል ቢሆን ይሻላል። «60 ካሬ አለኝ፣ ይተርፈኛል» እንደሚሉ አውቃለሁ። ጋጣ ግን መኝታ ነው። ፈረስ መስክ ላይ ሲለቀቅ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት እየተራመደ ይግጣል። ሆዱም ለዚህ ነው የተሠራው። ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ ባዶ ሲውል ይቆስላል። አንጀቱ የሚሠራው ሲንቀሳቀስ ነው። በ60 ካሬ ውስጥ ፈረስ ሁለት ጊዜ ዞሮ ግድግዳ ይገጥመዋል። ከዚያ እንጨት ማላመጥ ይጀምራል። ወይም አንድ ቦታ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ይውላል። ሰው «እየጨፈረ ነው» ይላል። ጭንቀት ነው።

ብቻውንም አይኖርም። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። አንድ ፈረስ ብቻውን ሲታሰር ሌሊት ጆሮውን አቁሞ ያድራል፤ ጓደኛ የሌለው ፈረስ ዘብ የሚቆምለት የለውም። ያሽካካል፤ ጎረቤትዎም ይሰማሉ። ሁለት ይሁኑ ካሉ ደግሞ ከላይ የቆጠርኩት ሁሉ እጥፍ ይሆናል።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ግቢው ከእርስዎ ትንሽ ያነሰ ነው፤ በሦስት በኩል ግንብ። ፈረሱ ቀይ ሰንጋ (የተኮላሸ) ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ወድቆ፣ በላብ ተነክሮ፣ አንገቱን እየጠመዘዘ ጎኑን ያያል። ሆዱን በኋላ እግሩ ይመታል። ቁርጠት ነው። ፈረስ አያስመልስም፤ ሆዱ የገባ ክፉ ነገር የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። መድኃኒት ሰጠሁት። ከዚያ መራመድ ነበረበት፤ ጓሮው ውስጥ ግን የሚራመድበት የለም። ለኮውን ይዘን ወደ ኮብልስቶኑ አወጣነው። ለሰዓታት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሄድን። የጎረቤቱ መብራት በየተራ እየበራ፣ ሰዉ በጋቢ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየናል። የባለቤቱ ልጅ ፒጃማውን እንደለበሰ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጓሮው ድረስ መልሰነው ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ሬሳው ማለፍ አልቻለም። ከጓሮ ወደ በር ያለው መተላለፊያ አንድ ሜትር ነበር። ቆሞ ሲሄድ አልፎበታል፤ ተዘርግቶ ግን አላለፈም። የጓሮውን ግንብ አፍርሰው ነው ያወጡት። ሆዱ ሲከፈት የእግር ኳስ የሚያህል የተጠቀለለ ፌስታል አገኘን። ድርቆሹ ውስጥ የገባ፣ ንፋስ ከመንገድ ያመጣው፣ ከአጥር ላይ የተወረወረ። መስክ ላይ ቢሆን ሣር እየመረጠ ይበላ ነበር። እዚያ ግን ሥራ ፈት ነበር፤ ያገኘውን ያላምጣል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈረሱን ይወደው ነበር፤ ለእሱ ሲል ገብስ ከገበያ ራሱ እየመረጠ ይገዛ ነበር። ያጣው ቦታ ነው።

በሽታውንም አይርሱ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ከትንኝ ባነሱ ጥቃቅን ነፍሳት ይተላለፋል። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል፤ ሳንባ የሚይዘው ዓይነት ከመጣ ያልተከተበ ፈረስ የሚተርፈው በዕድል ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት መሰጠት አለበት። የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው፣ ቆዳውን እያቆሰለ የሚሄደው «ቢቸ» የሚሉት በሽታም አለ። በቁስልና በመጠቀሚያ ዕቃ ይጋባል። ስለዚህ ኮርቻ፣ ልጓምና ብሩሽ አይዋዋሱ። የሰፈር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ፈረስ ቢነክስ ፈረሱም ይታመማል፤ ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ፋንድያ ያለበት አፈር ላይ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ ይኖራል። ልጅዎ ፈረስ አጠገብ መዋል የምትጀምር ከሆነ ክትባቷ የተሟላ መሆኑን ከወዲሁ አረጋግጡ። ይህ ፈረሱ የትም ቢኖር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅዎን ፈረሰኛ ከማድረግ አይመለሱ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚወጡት ፈረሰኞች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከአባታቸው ኮርቻ ፊት ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ይህ ከአያት ሰፈር ላለች ልጅ ይቅር አልልም። ፈረሱ ግን መስክ ያለበት ይሁን፣ ልጅቷ ትሂድለት።

የምመክርዎት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። ለስድስት ወር ፈረስ አይግዙ። እንጦጦ ላይ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ አካባቢ ፈረስ የሚያከራዩና የሚያስተምሩ አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ይውሰዷት። ግልቢያውን ብቻ አትማር። ኮቴ ማጽዳት፣ ማበጠር፣ ፋንድያ ማንሣት፣ ውኃ ማጠጣት ትማር። ከስድስት ወር በኋላ ዝናብ ላይም ቅዳሜ ጠዋት «እንሂድ» የምትል ከሆነ ያኔ ይግዙላት። ፈረሱንም እዚያው፣ ሌሎች ፈረሶች ባሉበት፣ በወር ክፍያ ያስቀምጡት።

ሁለተኛው መንገድ ርቢ ነው። እርስዎ የአገር ቤት ልጅ ስለሆኑ ያውቁታል። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ በኩል ከሚያውቁት ገበሬ ጋር ባዝራ (ሴት ፈረስ) ይገዛሉ፤ እሱ ያኖራታል፣ ውርንጭላውን ትካፈላላችሁ። ዋጋው ይቀላል፣ መስኩም ሰፊ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አንደኛ፣ ጋሪ ላይ እንዳትጠመድ በጽሑፍ ይስማሙ። ቅዳሜ ልጅዎ የምትጋልባት ባዝራ አርብ ሙሉ ቀን ብሎኬት ስትጎትት ከዋለች ጀርባዋ ይቆስላል፤ ያመማት ፈረስ ደግሞ ልጅ ትጥላለች። ሁለተኛ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ሐኪም ማን እንደሚጠራ፣ ክትባት ማን እንደሚያስከትብ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። ለቀብድ የሚጻፍ ወረቀት ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል።

ሦስተኛው በጣም ቀላሉ ነው። ፈረሱን ይግዙት፣ አባትዎ ጋር ይቀመጥ። ልጅዎ ክረምት ሁለት ወር እዚያ ትሁን። ለጥርም ትሂድ። አያቷ የሚያስተምሯት እኔም ሆንኩ ሌላ አሠልጣኝ ልናስተምራት የማንችለውን ነው።

ከአገር ቤት ማስመጣቱን ከመረጡ ደግሞ ፈረሱ ከመነሣቱ በፊት ከመነሻው ወረዳ የእንስሳት ሐኪም የጤና ማረጋገጫ ይያዝለት። ከደረሰ በኋላ ለሦስት ሳምንት ከሌሎች ፈረሶች ተለይቶ ይቆይ። በኤፍኤስአር ላይ ቀን ሙሉ ቆሞ የመጣ ፈረስ ያን ዕለት ገብስ አይሰጠው፤ ውኃና ድርቆሽ ብቻ። ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ለልጅ አይግዙ። የተረጋጋ ሰንጋ ወይም ዕድሜ ጠገብ ባዝራ ይፈልጉ፤ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ። የሰላሌ ፈረስ መልኩ ያምራል፣ ቁመናውም ለየት ይላል። ለጀማሪ ግን ዋናው ጠባዩ ነው። ሐኪም ሳያየው ብር አይክፈሉ። በየ6 እስከ 8 ሳምንት ኮቴው መቆረጥ እንዳለበትም ከወዲሁ ይወቁት።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ይኖራል፤ በከተማው ዳር ሰፋ ያለ ይዞታ ያለው። ለእሱ መልሴ ሌላ ነው። በእኔ ግምት ሁለት ፈረስ በወጉ ለማኖር ከ1,500 ካሬ ያላነሰ ቦታ ያስፈልጋል፤ ጋጣው ከማንኛውም የጎረቤት ቤት 20 ሜትር ይራቅ፤ በነፋሱ አቅጣጫም ወደ ሰው ቤት የሚነፍስ አይሁን። የጋጣው ወለል ተዳፋት ይኑረው፣ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ይሠራ። ፋንድያውን የሚወስድ የአትክልት አምራች ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ። ፈረስ ከመግዛቱ በፊት ካርታውን ይዞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤትና የክፍለ ከተማውን የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። መልሱን በደብዳቤ ይቀበል። በቃል «ችግር የለውም» የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ስለ ጎረቤትዎ አንድ ነገር። «እከስሃለሁ» ያሉት ፈረሱ ሳይመጣ ነው። ስለዚህ ገና ምንም አልተበላሸም። ሄደው «ጓሮ ላይ አላስርም» ይበሏቸው። ልጅ ካላቸው፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እሱንም ይዘው ሱሉልታ ይውጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይድረሱ፤ ፈረሶቹ ያን ጊዜ ነው የሚበሉት። ቦት ጫማና ትርፍ ካልሲ አይርሱ፤ ጤዛው ያበሰብሳል።